ሊኑክስ ሚንት 22 ለኮፒ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮች

በየሰፈሩ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት በሚሰጡ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ ዛሬም ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ይታያሉ። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሲስተም መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አሮጌ ማሽን ላይ በአግባቡ አይጫንም። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም የሌለው ባለሱቅ በክራክ (የፈቃድ ቁጥጥሩን በሚሰብር ፕሮግራም) የተጫነ ዊንዶውስ ላይ፣ እንደገና በክራክ የተገኘ አንቲቫይረስ ሲደርብ ማየት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ምንጩ ያልታወቀ ክራክ ራሱ የቫይረስ መግቢያ በመሆኑ ይህን መንገድ አልመክርም።

በአንዲት ዘመዴ ኮፒ ቤት በሚገኝ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን የሊኑክስ ሚንት 22 ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ እትም ጭነን ስንጠቀምበት ቆይተናል። ሲስተሙ በነጻ የሚገኝ ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ይቀጥላል። ደብዳቤ መጻፍ፣ ስካን ማድረግና ኢሜይል መክፈት አያስቸግርም፤ በብሮውዘሩ ብዙ ገጾች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ግን መዘግየቱ በግልጽ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የደንበኞችን ፍላሽ የሚያስተናግድበት ሁኔታ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የያዘ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ የደንበኛው ፋይሎች ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከቶች ይታያሉ፤ አንዱ ሲከፈት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባና ቀጥሎ ወደሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይዛመታል። በሚንት ላይ እነዚያ ሾርትከቶች ቢነኩም ቫይረሱን አያስነሱም፤ ከዚህም አልፎ ተደብቀው የነበሩት ፋይሎች በግልጽ ይታያሉ። የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋ መስሎት የተደናገጠ ተማሪ ሰነዱን እዚያው ስክሪን ላይ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚነበበው እፎይታ ትልቅ ነው። ሆኖም ሲስተሙ ቫይረሱን ከፍላሹ ላይ በራሱ ስለማያጠፋው ሠራተኛዋ ሾርትከቶቹንና አጠራጣሪ ፋይሎቹን ራሷ መሰረዝ አለባት።

ፋየርዎሉ (ከኔትወርክ የሚመጣ ያልተፈለገ ግንኙነትን የሚያግደው ክፍል) ሚንት ሲጫን ጠፍቶ ስለሚመጣ ወዲያውኑ ሊበራ ይገባል። ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራምም ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ ይረዳል፤ ነገር ግን በተለመደው አቀማመጡ የግል ሰነዶችን ስለማያስቀምጥ የሰነድ ባክአፕ ለብቻው ያስፈልጋል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ዩኒኮድ (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የያዘ የጋራ ኮድ) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ሰነዶች፣ ፎንቱ ካልተጫነ በቀር ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ይከፈታሉ። ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም መጻፍ የለመደች ጸሐፊም አዲሱን የአማርኛ ኪቦርድ እስክትላመድ ፍጥነቷ መቀነሱ አይቀርም፤ በቀን ብዙ ማመልከቻ ለሚጻፍበት ሱቅ ይህ ከገቢ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ፕሪንተርም ቢሆን በሞዴሉ ይለያያል፤ ለምሳሌ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 በኤችፒ የሊኑክስ ድራይቨር ሲሠራ ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ከመሰረዙ በፊት ሚንትን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ፕሪንተሩንና ስካነሩን መሞከር የግድ ነው።

የሂሳብ ሥራውን በፒችትሪ ለሚሠራ ሱቅ ግን ሚንትን አልመክርም፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ኮምፒውተር ያለው ባለሱቅ የደንበኛውን ፍላሽና ኢንተርኔቱን ለሚንት ትቶ፣ ፒችትሪ ያለበትን ማሽን ከኔትወርክ ነቅሎ ለሂሳብ ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል። የሂሳቡን ባክአፕ ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ በተለየ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ማስቀመጥና ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩን መንቀል ያስፈልጋል።