«መምህር፣ ይሄን አይግዙ» ላለኝ የደሴ ኮምፒውተር ጠጋኝ

ምስጋና በአደባባይ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ግን ገንዘቤን መቀበል እየቻለ «ይሄን አይግዙ» ብሎ የመለሰኝን ባለሙያ ዝም ብዬው ባልፍ ይቆጨኛል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ነገር አማረኝ። ስሙ አንስታይን አት ሆም ይባላል። ሰው ቤቱ የተቀመጠውን የኮምፒውተር ጉልበት ለሳይንስ ያውሳል። ለአንድ ማሽን የማይቻለው ስሌት ተቆራርሶ በኢንተርኔት ይመጣል፤ ማሽኑ ድርሻውን ያሰላና መልሱን ይልካል። በቃ ደቦ ነው፤ በእኛ በወሎ አነጋገር ጅጌ። ይሄኛው ጅጌ በ2005 ነው የተጀመረው (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፤ ፑልሳር የሚባሉትን እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ምት የሚልኩ ኮከቦች ያድናል። በ2010 አሜሪካ አዮዋ ያሉ ባልና ሚስት እና አንድ ጀርመናዊ፣ ባዋሱት ኮምፒውተር አዲስ ፑልሳር ተገኘላቸው። ይህን ለተማሪ ስንት ጊዜ እንደተረክሁት! ለራሴ ግን ሞክሬው አላውቅም ነበር።

ሌላ ቦታ ሄጄ መጀመሪያ የተሸወድኩትን ላሳጥረው። ስላሽ (ያገለገለ) ዴስክቶፕ ገዛሁ። 8 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለው ተባልኩ፣ ቤት ስከፍተው 4 ሆነ። ስመለስ «ሲሸጥ 8 ነበር» ተባለ። እኔ በልቼው ይሆናላ።

ያንን ማሽን ተሸክሜ ነው ፒያሳ ወደዚህ ልጅ ሱቅ የገባሁት። ሱቅ ልበለው እንጂ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ስሙን አልጽፍም፤ «ሰው ይበዛብኛል፣ ስሜን አያውጡ» ብሎኛል። የስልክ ጠጋኞቹ በተደረደሩበት በኩል ሄዳችሁ፣ በሩ ላይ የሞተ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ) የተንጠለጠለበትን ቤት ጠይቁ። አያሳስታችሁም።

ያሰብኩትን ነገርኩት። ጌም የሚያጫውቱት ዓይነት ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ልግዛ አልኩ። እዚያው መደርደሪያው ላይ አንድ ነበረው፤ ዋጋው የሚያስደነግጥ። መሸጥ ይችል ነበር። «መምህር፣ ይሄን አይግዙ» አለኝ። «ማሽኑን አንዴ ነው የሚገዙት፣ መብራቱን ግን በየወሩ ነው።» ከዚያ ከመሳቢያው ዋት የምትለካ ትንሽ ዕቃ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ክፍል ትምህርት ነው የተከታተልኩት። አንድ ቢሮ ያወጣውን ስላሽ ዴስክቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 የሆነ፣ ሰካው። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 28 ዋት። አራቱም ኮር (የፕሮሰሰሩ ስሌት ሠሪዎች) ሲሠሩ 72 ዋት። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ማስተካከያ) ገብቶ ቱርቦ የሚባለውን ፍጥነት መጨመሪያ ሲያጠፋው ወደ 60 ወረደ፤ ፍጥነቱ ግን ብዙም አልጎደለም። ቀኑን ሙሉ በ60 ዋት ቢሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 12 ሰዓት ብቻ ቢሠራ ግማሹ። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚወደድ፣ ይህቺ ግማሽ ቀላል ነገር አይደለችም። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲሠራ አደረገልኝ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሂሳብ ሰምታ «ምጣዴን እንዳትነኩብኝ እንጂ» አለች። እውነቷን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ይህ ማሽን ሁለት ቀን ሙሉ ሠርቶም ላይጨርሰው ይችላል።

እንዲህ ያሉ ማሽኖች የረከሱበት ምክንያትም አለው። ዊንዶውስ 11 ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 አበቃ። መሥሪያ ቤቶች ደህናውን ዕቃ እያወጡ የሚጥሉት ለዚህ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ግን እንዲህ ያለ የፕሮሰሰር ትውልድ አይጠይቅም። ፈቃድ አይከፈልበትም፣ ቀላል ነው፣ ሌሊት በሥራ መሃል «አፕዴት ላድርግ» ብሎ ራሱን አያጠፋም። ልጁ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ዴስክቶፕ ገጽታ ጫነበት። ሞኒተር የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ማውስ የለው። ከስልኬ ሆኜ ነው የማዘው። ያ ሁሉ ሳይገዛ ስለቀረ ወጪዬ ከአንድ ደህና ስልክ ዋጋ በታች ሆነ። የተሸወድኩበትን ማሽንም አልጣለውም፤ ራሙንና ኤስኤስዲውን (ፋይል ማስቀመጫ ዲስኩን) አውጥቶ ለአዲሱ አዋለልኝ።

የማመሰግነው ግን በዋናነት ለዚህ አይደለም። ማሽኑን በዚያው ቀን አልሰጠኝም። ከፍቶ አቧራውን በብሎወር ነፋው፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያወጣውን ቅባት) ቀየረ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ የራም ፍተሻ ሲያስኬድ አደረ። ጠዋት ስደርስ አንዷን ራም ለብቻ አስቀምጧታል። «ይቺ ትዋሻለች» አለኝ፤ የሰጧትን ቁጥር አንዳንዴ አሳስታ ትመልሳለች ማለቱ ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው አትታወቅም ነበር። ለስሌት ግን መርዝ ናት። በዚህ ጅጌ አንድ ሥራ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ኮምፒውተር ይላክና መልሶቹ ይመሳከራሉ፤ የተሳሳተው ይጣላል። የምትዋሽ ራም ይዤ ብቀጥል ኖሮ ወር ሙሉ መብራት አቃጥዬ ቆሻሻ ስልክ እከርም ነበር። ልጁ ስለ አንስታይን አት ሆም የሰማው ከእኔ ነው፣ ያውም ከሁለት ቀን በፊት። ማታ ቤቱ ገብቶ አንብቦ ነው ይህን ሁሉ ያወቀው። ለማንበቡ ደግሞ አላስከፈለኝም።

ለመብራት መጥፋትም አስቦበታል። ቦይንክ የሚባለው ሥራ አቀባይ ፕሮግራም የደረሰበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ የሁለት ቀን ሥራ አስቀድሞ እንዲያወርድ አደረገው። ባዮሱንም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አስተካከለ።

እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳም። ደወልኩ። «አብሽሩ መምህር፣ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። (የእሱ ነገ ሦስት ቀን ነው። ይህን አውቃችሁ ሂዱ፤ ስሞታዬ ይህች ብቻ ናት።) ሞኒተር ተሸክሞ መጣና ሰካው። ለካ የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ሞታ፣ ማሽኑ «ሰዓት አልተሞላም፣ ኤፍ 1 ተጫን» ብሎ ቆሟል። ኪቦርድ በሌለው ማሽን ላይ ማን ይጫንለት! ቀኑም ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዷል። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ነው የምንቀረው፤ እሱ ከእኛም ብሶ ቁጭ። ባትሪዋን ቀየረ፣ ስህተት ቢያይ እንኳ ሳይቆም እንዲያልፍ አደረገው። የባትሪዋን ሂሳብ ብቻ ተቀበለ። ለመንገዱ ልስጥህ ብለው «መጀመሪያውኑ መቀየር ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ እንቢ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ባለሙያ ካጋጠመኝ ቆይቷል።

ማሽኑ አሁን ጓዳ ውስጥ ከበርበሬ ቅሉ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ራቅ እንዲል ያዘዘው እሱ ነው፤ ፋኑ ብናኙን ይስባል አለ። የማሽኑ ሙቀት ሌሊት ከ55 ዲግሪ አያልፍም። ብርዳማው ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ማቀዝቀዣ አያሳስበውም። ሙቀት የሚበዛበት ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ፋን ጨምርልኝ በሉት።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ስልክ ይበዛበታል። ምን ልትሠሩበት እንደፈለጋችሁ በደንብ ንገሩት እንጂ «ጥሩ ኮምፒውተር ስጠኝ» አትበሉት። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚሆነውን ይለይላችኋል። ዋት መለኪያዋን ራሱ ካላወጣት፣ አውጣት በሉት።