በመመረቂያ ጽሑፍ ወይስ በኮርስ ብቻ? የምህንድስና ማስተርስ አጨራረስ በአሜሪካ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ማስተርስ ብዙውን ጊዜ 30 ክሬዲት ገደማ ይጠይቃል። ከቢሮ ጋር ያለው የወረቀት ጉዳይ የሚለያየው አጨራረሱ ላይ ነው።

በኮርስ ብቻ የሚጨርስ ተማሪ የትምህርት ዕቅዱን ያስፀድቃል፤ በመጨረሻው ሴሚስተር የምረቃ ማመልከቻ ያስገባል፤ በቃ። ማመልከቻውን የዘነጋ ግን ኮርሱን ሁሉ ቢያልፍም ዲግሪው ለቀጣዩ ሴሚስተር ሊተላለፍበት ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ መንገድ ረጅም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መምህራን ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ተማሪው ጽሑፉን በኮሚቴው ፊት የሚከላከልበት ቀን ይያዛል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ኮሚቴው ካሳለፈው በኋላም የድኅረ ምረቃ ቢሮው የገጹን ኅዳግ፣ ማውጫውንና የሥዕል መግለጫውን አንድ በአንድ ይመረምራል። የደከሙበት ጥናት በኅዳግ ስፋት ምክንያት ሲመለስ ያሳዝናል፤ ስለዚህ የቢሮውን ቅርጽ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ተጠቀሙ።

ከአገር ቤት በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ለሄደ ተማሪ ደግሞ ዋናው ነገር አይ-20 በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ላይ የሰፈረው የትምህርት ማብቂያ ቀን ነው። ጽሑፉ ከዘገየ ማራዘሚያው የሚጠየቀው ቀኑ ሳያልፍ ነው። ከትምህርት በኋላ በሙያው ለሚሠራበት ጊዜያዊ ፈቃድ፣ ለኦፒቲ፣ ማመልከት የሚቻለው ትምህርቱ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ፣ ካበቃ በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ነው። የ12 ወሩን ፈቃድ በ24 ወር ማራዘምም ሁኔታውን ለሚያሟላ የምህንድስና ምሩቅ በሁለቱም መንገድ ክፍት ነው።

ዶክትሬት የሚያስብ ሰው ጽሑፉን ይምረጥ እላለሁ። በራሱ ገንዘብ የሚማርና ቶሎ ሥራ መያዝ ያለበት ግን ያለ ጸጸት በኮርስ ይጨርስ።