ዊንዶውስ 11 በጽሕፈት ሥራ ቤት፦ ከወራት በኋላ ምን ይዘጋል፣ ምን ይመለሳል

ግምገማው የሚመለከተው 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው፣ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕ ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ማመልከቻ፣ ከሰዓት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ በመሃል በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ፣ ማታ የቀኑ ሒሳብ። ስለ ፍጥነቱና ስለ ስክሪኑ የሚያወራ ሞልቷል። እዚህ የምናየው መስኮት ሲዘጋ፣ ሪስታርት ሲደረግና መብራት ሲሄድ ተከፍቶ የነበረው ሥራ የት እንደሚገባ ብቻ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ዊንዶውስ 11 ፕሮግራም መልሶ በመክፈት ጎበዝ ነው፣ ሥራ መልሶ በመስጠት ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አይታመንም። ሴቲንጉ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ማሽን ይሆናል።

በኤክሷ እንጀምር። ወርድ ላይ የመጨረሻውን ሰነድ በኤክስ ሲዘጉ ወርድ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ቴሌግራም ግን አይወጣም። መስኮቱ ከዓይን ይጠፋል እንጂ ፕሮግራሙ ሰዓቱ አጠገብ ካለችው ቀስት ሥር ተቀምጦ ፋይል ማውረዱን ይቀጥላል። በሞባይል ጥቅል ሆትስፖት ከፍቶ ለሚሠራ ቤት ይህ ገንዘብ ነው። ቀስቷን ተጭነው የቴሌግራምን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይንኩና ኩዊት ይበሉት፤ ከዚያም ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ከሚለው ሥር አውቶማቲክ የፎቶና የቪዲዮ ማውረጃውን ያጥፉ። ክሮምም ኤክስቴንሽን ከተጫነበት ከተዘጋ በኋላ ከበስተጀርባ ሊቀር ይችላል፤ ሴቲንግ፣ ሲስተም ገብቶ ክሮም ከተዘጋም በኋላ አፖች ይቀጥሉ የምትለውን ማጥፋት ነው። ኤጅ የተባለው የዊንዶውስ ብሮውዘር ላይ ደግሞ ከተዘጋም በኋላ ከበስተጀርባ የምታቆየው ስታርታፕ ቡስት የምትባል አለች፤ እሷንም ማጥፋት ነው። በእርግጥ ምን እንደቀረ ማየት ለሚፈልግ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በ8 ጊጋባይት ራም ላይ እነዚህን ሦስቱን ማስወጣት ብቻ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሻት ዳውን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ፋስት ስታርታፕ ከበራ (አብዛኛው ማሽን ላይ በርቶ ነው የሚመጣው) ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የራሱን እምብርትና ድራይቨሮቹን (ፕሪንተርና ስካነር የመሳሰሉትን የሚያሠሩትን) ግን እንዳሉ ወደ ዲስክ ይጽፍና ይተኛል። ጠዋት ሲበራ ያንኑ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ማታ አልታይ ያለ ስካነር ጠዋትም አልታይም ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ «አጥፍቼ አብርቼው ነበር እኮ» ይላል። ማረጋገጫው ታስክ ማናጀር ውስጥ ነው፦ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ ሲሉ አፕታይም የሚል ቁጥር ከታች ይታያል፤ ማታ ማታ ሻት ዳውን ሲደረግ የከረመ ማሽን ስድስትና ሰባት ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሪስታርት ነው። ወይም ሺፍትን ተጭነው ይዘው ሻት ዳውን ሲሉ ለዚያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ፕሪንተርና ስካነር አስቸገረ ሲባል መጀመሪያ ሪስታርት፣ ከዚያ በኋላ ነው ቴክኒሻን የሚጠራው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ፕሮግራሞችን መልሶ ወደሚከፍተው። ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ ወደ ታች ወረድ ሲሉ ሪስታርት የሚደረጉ አፖችን አስቀምጦ ስገባ መልሰህ ክፈት የምትል ማብሪያ አለች። ስትበራ ክሮምና ኤጅ ከነታቦቻቸው ይመለሳሉ። ተከፍተው የነበሩ ፎልደሮች ግን በሌላ ምርጫ ነው የሚመለሱት፤ ፎልደር ኦፕሽንስ፣ ቪው ውስጥ የቀድሞ ፎልደር መስኮቶችን መልስ የምትለውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የማይመለሰው ይበልጣል። ፕሮግራሙ ራሱ «መልሰህ ክፈተኝ» ብሎ አስቀድሞ ዊንዶውስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች ይህን አያደርጉም። ግማሽ ድረስ የተሞላ ደረሰኝ ላይ እያሉ ሪስታርት ከተባለ ፕሮግራሙም አይመለስ፣ ደረሰኙም አይመለስ። እንዲህ ያለውን በራሱ መውጫ ሳይወጡ ሪስታርት መንካት አይገባም፤ ዳታቤዙ ክፍት እያለ በታስክ ማናጀር መግደልማ ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ሠራተኛውም ደንበኛውም የሚነካው የጋራ ማሽን ከሆነ መልሶ መክፈት ራሱ አደጋ አለው፣ ይህን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ክሮም ላይ ካቆምክበት ቀጥል የሚለው ሲመረጥ የሚመለሱት ታቦቹ ብቻ አይደሉም። ብሮውዘሩ ሲዘጋ መሞት የነበረባቸው የመግቢያ ኩኪዎችም (ማን እንደገባ የሚያስታውሱ ትንንሽ መረጃዎች) ይተርፋሉ። ተማሪዋ ኢሜሏን ከፍታ ጽሑፏን አውርዳ፣ ኤክሷን ተጭና ሂሳቧን ከፍላ ትሄዳለች፤ ቀጥሎ ክሮምን የከፈተ ሰው ኢሜሏ ውስጥ ነው የሚገባው። ኖትፓድም በዊንዶውስ 11 ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ይዞ ይቆያል። ለራስ ሥራ ግሩም ነገር ነው፤ ለደንበኛ ስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር ለሚመዘገብበት ቤት ግን ሲዘጋ ሳይጠይቅ ያስቀመጠውን ሲከፈት ለማንም ያሳያል። መፍትሔው ክሮምን በአዲስ ታብ እንዲጀምር ማድረግ፣ ለደንበኛ በጌስት መስኮት መክፈት (የመጨረሻው የጌስት መስኮት ሲዘጋ ሁሉም ይጠረጋል)፣ ኖትፓድ ሴቲንግ ውስጥም ያለፈውን ከመቀጠል ይልቅ አዲስ ጀምር የሚለውን መምረጥ ነው። በስህተት የተዘጋ ታብ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ ይመልሰዋል።

ወርድ ከፋብሪካው በየ10 ደቂቃው ነው የማገገሚያ ቅጂ የሚያስቀምጠው። ለፈጣን ጸሐፊ 10 ደቂቃ ማለት ከአንድ ገጽ በላይ ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብተው ወደ 2 ያውርዱት። እዚያው ሴቭ ሳላደርግ ብዘጋም የመጨረሻውን ቅጂ አቆይ የምትለው ምልክት እንዳለባት ይዩ። ዶንት ሴቭ ተጭኖ የተሄደ ሰነድ ከኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክዩመንት ሥር ለጥቂት ቀናት ሊገኝ ይችላል፤ ሰነዱ ግን ከተቀመጠው ደቂቃ በላይ ተከፍቶ የቆየ መሆን አለበት። ከቴሌግራም ወይም ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ከፍቶ ማረም የሚወድ ሰው መጀመሪያ ሴቭ አዝ ብሎ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠው።

የሚያናድደው ባሕርይ ማታ ይመጣል። ሻት ዳውን ተብሎ ሴቭ ያልተደረገ ሰነድ ካለ ዊንዶውስ ይህ አፕ እያገደኝ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሰው ግን መልሱን ሳይጠብቅ ክዳኑን ከድኖ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል። ማሽኑ አልጠፋም፤ በአዳማ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ ይግላል፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ የፓወር መብራቷ እስክትጠፋ መጠበቅ ነው። ሻት ዳውን ኤኒዌይ የሚለውን መጫን ደግሞ ወርድን በጉልበት መግደል ስለሆነ የሚተርፈው የማገገሚያው ቅጂ ብቻ ነው።

ለዚህ ሁሉ ያገኘነው የተሻለ መላ ሃይበርኔት ነው፤ የሚገርመው ብዙ ጊዜ ከሜኑው ተደብቆ ነው የሚመጣው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፉ ምን ያድርግ የሚለውን ይክፈቱ፤ አሁን የማይነኩትን ቀይር የሚለውን ከተጫኑ በኋላ ከታች ሃይበርኔትን ምልክት ያድርጉ። እዚያው የፓወር ቁልፉንም የክዳኑንም ሥራ ሃይበርኔት ያድርጉት። ራሙ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ይጻፍና ማሽኑ ኤሌክትሪክ መብላት ያቆማል፤ ሲበራ ግማሽ የተሞላው ደረሰኝ፣ ሴቭ ያልተደረገው ሰነድ፣ ሁሉም በነበረበት ነው። ከስሊፕ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይነሣል። ዲስኩ ላይ የራሙን 40 በመቶ ገደማ ይይዛል፣ በዚህ ላፕቶፕ 3 ጊጋባይት አካባቢ መሆኑ ነው። ሁለት ነገር ግን አይርሱ። ፍላሹን ሃይበርኔት ከማድረግዎ በፊት ኢጀክት ያድርጉ። የኢንተርኔት ቅጽም ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቢመለስ ሰርቨሩ ጊዜው አልፏል ብሎ ሊያስወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ቅጹን ሳይልኩ አይዝጉ። ሃይበርኔት ማሽኑን አያድስምና በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት ያስፈልገዋል። ያን ቀን ደግሞ ዝመናው ይጫን፤ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አክቲቭ አወርስን ከሥራ ሰዓት ጋር ካስተካከሉት (እስከ 18 ሰዓት ይፈቅዳል) በወረፋ መሃል ራሱን ሪስታርት አያደርግም።

ዴስክቶፕ ላይ መብራት ሲሄድ በሃይበርኔት መትረፍ የሚቻለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የባትሪ ሣጥን) ካለ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ዊንዶውስ እንደ ባትሪ ያየዋል፤ የባትሪው መጠን ሲወርድ ሃይበርኔት አድርግ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ገበያ ላይ ያሉት ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ የላቸውም። የፓወር ቁልፉ ግን ሃይበርኔት ከተደረገ፣ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር ቁልፉን አንዴ ነካ ማድረግ ይበቃል። ነካ ነው እንጂ ተጭኖ መያዝ አይደለም፤ ለጥቂት ሰከንድ ተይዞ ከቆየ ማሽኑ እንደ መብራት መጥፋት ድርግም ይላል።