ስኮርም፣ ኤች5ፒ ወይስ ኤልቲአይ? የኦንላይን ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት

ለመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ አሠራር የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ አሠርተን ነበር። ቪዲዮ አለው፣ መሃል ላይ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሠራተኛው ራሱ ቁጥር እያስገባ የሚያሰላበት መልመጃም አለው። የተረከብነው አንድ ዚፕ ፋይል ነው። ሙድል በተባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሲስተማችን ላይ ጫንነው፣ ሠራ፣ ደስ አለን።

ከዚያ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የግብር ሰንጠረዡን ለማስተካከል ዚፑን ስንከፍት እጅ የሚያስገባ ነገር አጣን። ሻጩን ስንጠይቅ «እንደ አዲስ ሥራ ነው የሚታየው» አለን። ዋጋውም የአዲስ ሥራ ዋጋ ነበር።

ጥፋቱ የእኛም ነው። የኮርሱን መልክና ዋጋ አይተን ነው የገዛነው። በምን ዓይነት ፋይል እንደሚመጣ አልጠየቅንም። እናንተ ጠይቁ።

ሦስቱ ምንድን ናቸው?

ስኮርም የቆየው የኮርስ አዘገጃጀት ደረጃ (ስታንዳርድ) ነው። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ያለ ኤዲኤል የተባለ ፕሮግራም ነው ያወጣው። እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት 1.2 እትም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ኮርሱ በዚፕ ተጠቅልሎ ይመጣና እናንተ ሲስተም ላይ ይጫናል።

ኤች5ፒ እ.ኤ.አ. በ2013 ኖርዌይ ውስጥ የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ጥያቄ ያለበት ቪዲዮ፣ እየጎተቱ ማዛመድ፣ ፍላሽ ካርድና የመሳሰሉት ብራውዘር ላይ ይሠሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ሙድል 3.9 ጀምሮ ደግሞ ከነመሥሪያው ሙድል ውስጥ አለ።

ኤልቲአይ ፋይል አይደለም፤ የሁለት ሲስተሞች መገናኛ ነው። ኮርሱ የሚቀመጠው ሻጩ ሰርቨር ላይ ነው። ተማሪው ከእናንተ ገጽ ሊንኩን ሲጫን ሌላ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ እዚያ ይገባል። ውጤቱ ወደ እናንተ ይመለሳል።

ኮመን ካርትሪጅ የሚባልም አለ። ንባብ፣ ሊንክና ተራ የፈተና ጥያቄ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ለማዛወር ጥሩ ነው። ተማሪው እየነካካ ለሚማርበት ኮርስ ግን ብቻውን አይበቃም፤ እንለፈው።

ነገ ማረም ይቻላል?

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

ስኮርም የተጋገረ እንጀራ ነው። ይበላል እንጂ ወደ ሊጥ አይመለስም። ሊጡ፣ ማለትም ኮርሱ የተሠራበት ዋና ፋይል፣ የሚቀረው ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ስቶሪላይን ወይም ካፕቲቬት በመሳሰለ ሶፍትዌር ይሠራል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ብታገኙ እንኳ ለማረም የዚያን ሶፍትዌር ፈቃድ መግዛት ይኖርባችኋል።

እዚህ ላይ ኤች5ፒ በጣም ይበልጣል። ያው የምትጭኑት ፋይል ራሱ ለእርማት ይከፈታል። ከአንዱ ሙድል አውርዳችሁ ሌላው ላይ ጭናችሁ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ሥዕሉን መቀየር ትችላላችሁ። «አረጋግጥ»፣ «እንደገና ሞክር» የሚሉ የአዝራር ጽሑፎች ሳይቀሩ በአማርኛ ይጻፋሉ። አማርኛ የማይችል ሻጭ የሠራውን ኮርስ ፊደል በፊደል ላቃና ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ድክመቱ፣ እንደ ስቶሪላይን የፈለጉትን ዲዛይን እንደልብ አያሠራም። ያሉትን ዓይነቶች ነው የምትጠቀሙት። የኤች5ፒን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ብራይትስፔስ የሚባለው እንደ ሙድል ያለ ሲስተም ባለቤት የሆነው ዲ2ኤል ገዝቶታል፤ ሶፍትዌሩ ክፍት ቢሆንም ፋይሎቻችሁን በእጃችሁ ያዙ።

በኤልቲአይ ሻጩ አንዴ ያርማል፣ በሁሉም ቦታ ይታረማል። አምስት ቅርንጫፍ አምስት የተለያየ ሲስተም ካለው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ክፍያው ያቆመ ዕለት ግን ኮርሱም ይሄዳል።

ውጤቱስ?

ስኮርም ነጥብ፣ አለፈ ወይም ወደቀ፣ የፈጀውን ጊዜና የቆመበትን ቦታ ይመዘግባል። 1.2 ላይ የቆመበትን የሚያስታውስበት ቦታ 4,096 ፊደል ብቻ ነው። ረጅም ኮርስ ላይ ተማሪው ተመልሶ ሲገባ ከመጀመሪያው የሚጀምርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስኮርም 2004 በኋለኞቹ እትሞች ይህን ወደ 64,000 አሳድጎታል፤ ሙድል ግን 2004ን በሙሉ አይደግፍም። ሙድል ካላችሁ 1.2 ጠይቁ፤ ረጅሙን ኮርስ በአጫጭር ክፍል አስከፋፍሉት።

ኤች5ፒ ሙድል ላይ ውጤቱ በቀጥታ ይገባል። ካንቫስ ወይም ብላክቦርድ በመሳሰሉ ሌሎች ሲስተሞች ላይ ግን የሚከፈልበትን የኤች5ፒ አገልግሎት በኤልቲአይ ማገናኘት አለባችሁ። ካልሆነ ሉሚ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ኤች5ፒ ይሠራል፣ ወደ ስኮርምም ይቀይራል። ጉግል ክላስሩም የስኮርም ጥቅል ከፍቶ ነጥብ አይመዘግብም፤ «ሁሉም ላይ ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህን ጠይቁት።

ኔት ሲጠፋ

ተማሪዎቻችሁ በሞባይል ዳታ የሚማሩ ከሆነ ይሄ ብቻውን ሊወስን ይችላል። የሙድል የስልክ አፕ ስኮርም 1.2ንም ኤች5ፒንም አውርዶ ያለ ኔት ያስጠናል፤ ኔት ሲመጣ ውጤቱን ይልካል። ለስኮርም ማውረዱ በኮርሱ ቅንብር ላይ መፈቀድ አለበት። ኤልቲአይ ያለ ኔት አይሠራም። በዚያ ላይ የተማሪው ስምና ኢሜይል ወደ ሻጩ ሰርቨር ሊሄድ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ምን መረጃ እንደሚላክ በጽሑፍ ማግኘት ግድ ነው። ኤልቲአይ ከገዛችሁ ደግሞ 1.3 ይሁን፤ የቀደሙት እትሞች በደኅንነት ደካማ ናቸው።

እኔ ብሆን

አንድ ሙድል ላላቸውና በጀታቸው ጠበብ ላለ ኮሌጆች ኤች5ፒ ነው የምመክረው፤ ሌላ አልፈልግም። ሲስተማቸው የተለያየ ተቋማት ኮርስ ሲጋሩ ዋናውን በኤች5ፒ ይዘው ለሌሎቹ በስኮርም 1.2 ያድሉ። ኤልቲአይን የምመርጠው ኮርሱ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ፣ ኔቱም አስተማማኝ ሲሆን ነው። ስኮርም ብቻ የሚያቀርብ ሻጭ ጋር ከሄዳችሁ ዋናው ፋይል ከነሥዕሉና ከነድምፁ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። እኛ ያላስጻፍነው ይህችን አንድ መስመር ነው።

ሳትፈርሙ በፊት አንድ ምዕራፍ ናሙና ተቀበሉና በራሳችሁ ሲስተም ላይ ጫኑት። የስኮርም ዚፕ አልጫን ካለ መጀመሪያ የማኒፌስት ፋይሉን፣ ማለትም የኮርሱን ክፍሎች የሚዘረዝረውን ፋይል፣ እዩ፤ ከዚፑ ስትገቡ ወዲያው መታየት አለበት እንጂ ሌላ ፎልደር ውስጥ መሆን የለበትም። ኤች5ፒ እምቢ ካለ ደግሞ ያንን የመልመጃ ዓይነት የሚያሠራው ላይብረሪ ሲስተማችሁ ላይ አልተጫነ ይሆናል፤ አድሚኑ ይጨምረዋል። ከዚያ በመምህር ሳይሆን በተማሪ አካውንት፣ በስልክ ግቡ። ግማሽ ላይ አቋርጣችሁ ውጡ። በማግሥቱ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ይጀምር እንደሆነ፣ ነጥቡም የውጤት መዝገቡ ላይ ገብቶ እንደሆነ እዩ።