«ጠዋት ተገጥሞ ማታ ዓሣ የሚገባበት» የባህር አኳሪየም፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞረውን የባህር አኳሪየም (የቤት ውስጥ የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት) «ሙሉ ጥቅል» አይታችሁት ይሆናል። «ባለ 50 ሊትር» መስታወት፣ ሁለት ክላውንፊሽ (ነጭ ቀለበት ያለባቸው ትንንሽ የባህር ዓሦች)፣ አንድ አኔሞን (ክላውንፊሽ የሚጠለልበት፣ አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ)፣ ስፖንጅ ፊልተር፣ አንድ ላስቲክ ጨው፣ ከ3 ቀን ዋስትና ጋር። ግማሹ በቀብድ። አትክፈሉ።

ተንኮሉ ያለው ዋስትናው ላይ ነው። አዲስ በተሞላ ውሃ ውስጥ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። ዓሣው ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) የሚያስወጣው አሞኒያ ቀን በቀን ይጠራቀማል እንጂ በዕለቱ አይገድልም። ስለዚህ ለ3 ቀን ደህና መስሎ ይዋኛል፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ከውሃው ጫፍ ተንጠልጥሎ ማለክለክ ይጀምራል። ሻጩም «ምግብ አብዝታችሁበት ነው» ይላችኋል። የባህር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ8.0 እስከ 8.4 ስለሆነና ፒኤች ከፍ ሲል መርዛማ የሚሆነው የአሞኒያ ድርሻ ስለሚጨምር፣ ወርቃማ ዓሣ የሚችለውን ስህተት ክላውንፊሽ አይችለውም።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው መስታወቱን በጨው ውሃና በድንጋይ ሞልቶ፣ የአሞኒያ ምንጭ ጨምሮ፣ ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠብቃል። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ አሞኒያ ወጥቶ ይወርዳል፣ ናይትራይት ይከተለዋል። ሁለቱም 0 ሆነው ናይትሬት ሲታይ ነው ዓሣ የሚገባው። በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል፤ ማረጋገጫው ግን ያው ቴስት ኪት (የውሃ መመርመሪያ) ነው፣ እሱ ደግሞ በጥቅሉ ውስጥ የለም።

ጨው ላይ እንምጣ። ስም የሌለው ነጭ ላስቲክ ከሰጧችሁ የምግብ ጨው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው፤ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙና ፒኤችን የሚይዘው ካርቦኔት በሚፈለገው መጠን የሉበትም። ሻጩ ሃይድሮሜትር (የጨዋማነት መገመቻ) ነክሮ «ይኸው 1.025፣ የባህር ውሃ ልክ» ቢላችሁ አትሸወዱ። ሃይድሮሜትር የሚለካው ውሃው ከንጹህ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ብቻ ነው፤ የወጥ ጨውም በልኩ ከተጨመረ 1.025 ያሳያል። የሚለየው የአልካሊኒቲ (የካርቦኔት መጠን) ቴስት ነው፦ 35 ግራም ጨው በ1 ሊትር ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ በጥብጡና ለኩ። የባህር አኳሪየም ጨው ከ7 እስከ 12 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ሲሰጥ የምግብ ጨው ወደ ዜሮ ይጠጋል። በቧንቧ ውሃ አትሞክሩት፣ ውሃው ራሱ ካርቦኔት ስላለው ውጤቱን ያዛባል። ለ100 ሊትር ከ3.5 ኪሎ በላይ ጨው ይገባል፣ ውሃ በተቀየረ ቁጥርም ሌላ ያስፈልጋል። የአንዷን ላስቲክ ክብደት ከዚህ ጋር አስተያዩት።

«50 ሊትር» የተባለውንም በሜትር ለኩት። ርዝመት በወርድ በቁመት በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ። 40 በ25 በ30 ቢሆን ጢም ብሎ 30 ሊትር ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ሲገባ ከ25 በታች ይወርዳል። ለሁለት ክላውንፊሽ ከ75 ሊትር በታች አትግዙ።

«ከጅቡቲ በቀጥታ የመጣ» የሚለውን ደግሞ ቀለበት በመቁጠር ታጣሩታላችሁ። በቀይ ባህርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው የክላውንፊሽ ዝርያ፣ አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ፣ ነጭ ቀለበቱ ሁለት ነው፣ 14 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ተደባዳቢም ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ባለ ሦስት ቀለበቱ ዝርያ፣ ኦሴላሪስ፣ አገሩ ከምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ነው። ወይ ፎቶው ውሸት ነው፣ ወይ ወሬው። ከባህር የተያዘ ከሆነ ብሩክሊኔላ የሚባለውን በሽታ ፍሩ፤ ቆዳው ላይ ነጭ ልጋግ ይወጣና በቀናት ውስጥ ይገድላል። ሲበላ ሳታዩ አትረከቡ።

የከተማችንን ነገር ሻጩ አያነሳውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባህር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ። ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ደግሞ ቀድሞውንም ብዙ ኦክሲጅን አይዝም። የውሃውን ፊት የሚያናውጥ ፓምፕ የግድ ነው። የደሴ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ለ100 ሊትር የ100 ዋት ማሞቂያ ይግባ፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ እንዲይዝ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስነሱ፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። ከመስታወቱ ውጭ የሚቀመጥ ክዳን ያለው ፊልተር ለሰዓታት ቆሞ ከነበረ ሳታጥቡት አታስነሱት፤ ውስጡ የተበላሸው ውሃ በሙሉ ወደ ዓሣው ይመለሳል።

አኔሞኑን ዋጋ ለመስቀል ነው የጨመሩት። ክላውንፊሽ ያለ እሱ በደንብ ይኖራል፤ አኔሞን ግን ጠንካራ መብራትና ቢያንስ 6 ወር የቆየ አኳሪየም ይፈልጋል።

ቀብድ የከፈላችሁ የጽሑፍ ልውውጡን ሳታጠፉ ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ እምቢ ካሉ አቤቱታው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ዓሣው ቤት ከገባ ደግሞ አሞኒያ 0 እስኪሆን በየቀኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የጠፋ፣ በእውነተኛ የባህር ጨው ከአንድ ቀን በፊት የተበጠበጠ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከነበረው ጋር የተመጣጠነ ይሁን። ተኖ የጎደለውን ግን ጨው በሌለው ውሃ ሙሉ፤ ጨው አብሮ አይተንም። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ በጣም ትንሽ። አኔሞኑ አፉ ተከፍቶ ከቀረ ወይም መቅለጥ ከጀመረ ሳታሳድሩ አውጡት፤ ሲሞት የሚለቀው አሞኒያ ሁለቱንም ዓሦች ለመግደል ይበቃል።