ቱቦ በልክ ልታስቆርጡና ልታሳጥፉ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ቱቦ በልክ ለማሠራት ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ብረቱ ገና ካልተቆረጠ ዛሬውኑ ደውላችሁ አስቁሙት። ከተቆረጠ በኋላ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፤ «በእርስዎ ልክ ነው የተሠራው፣ አይመለስም።» እኛም የተባልነው ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ማር የምናጣራ ሰዎች ተሰባስበን፣ ከማጣሪያው በርሜል እስከ ማሸጊያው የሚደርስ የስቴንለስ መስመር ለመዘርጋት ተስማማን። ባሕር ዳር ያለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ከሌላው ቀለል ያለ ዋጋ ሰጠን። በአፍ የተስማማነው የውጭ ዲያሜትሩ 38 ሚሊ፣ የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ፣ የስቴንለሱ ዓይነት ደግሞ 304 የሚባለው እንዲሆን ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን «ስቴንለስ ቱቦ፣ ባለ አንድ ተኩል ኢንች» ብቻ ነው። ተንኮሉም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ኢንች ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ ውጪው ሲለካ 48 ሚሊ ገደማ ነው። በቱቦ ልክ ከሆነ ደግሞ ያው አንድ ተኩል ኢንች 38 ሚሊ ነው። የፈለጋቸውን ሰጥተዋችሁ «አንድ ተኩል ነው» ቢሏችሁ በምን ትከራከራላችሁ? ውፍረቱማ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ አልተነሳም።

የእኛ የውጭ ልኩ ትክክል ሆኖ መጣ። ውፍረቱ ግን 1 ሚሊ ነው። በዓይን አይለይም፤ በተለይ ጫፉ በግራይንደር ተስሎ ሲመጣ ወፍራም ይመስላል። ሚዛን ግን አይሸወድም። ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ ውፍረቱን ቀንሱ፣ ቀሪውን በውፍረቱ አባዙት፣ ከዚያ በ0.025 አባዙት። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣላችኋል። የ38 ሚሊ ቱቦ፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ካለው፣ ባለ 6 ሜትሩ ዘንግ 8 ኪሎ አለፍ ይላል። 1 ሚሊ ከሆነ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ የብረቱ ሲሶ ኪሳቸው ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሳይቆረጥ፣ ዘንጉ ሙሉ እንዳለ፣ ፊታችሁ አስመዝኑት።

ሁለተኛው ነገር ማግኔት ነው። «ጋሼ፣ ይዩት፣ ማግኔት አይዝም፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ የብረታ ብረት ቤቱ ልጅ በኩራት። ማግኔት 304ን 201 ከሚባለው ሌላ የስቴንለስ ዓይነት አይለይም። ሁለቱም በአብዛኛው አይያዙም። 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለ። 201 ላይ ኒኬሉ ውድ ስለሆነ ይቀነስና ማንጋኒዝ ይጨመርበታል። ደረቅ ቦታ ላይ ለደረጃ መደገፊያ ምንም አይለውም። እርጥበትና አሲድ ባለበት ግን ቀድሞ ይዝጋል፤ ማር ደግሞ አሲድ አለው። ጭራሽ እውነተኛው 304 ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ማግኔት ትንሽ ሊይዝ ይችላል። ይልቅ ቱቦው ላይ የታተመ ጽሑፍ ካለ ሳይፋቅ ፎቶ አንሱት፣ የፋብሪካውንም ወረቀት ጠይቁ። «ወረቀቱ መጋዘን ነው» ካሉ፣ መጋዘን ይኬዳላ!

ከሁሉ ያናደደኝ ግን አጣጠፉ ነው። የመጣልንን ክርን (የታጠፈውን የቱቦ ቁራጭ) በባትሪ አብርተን ወደ ውስጥ አየነው። በውስጠኛው ጎን ተጨማዶ እጥፋት እጥፋት ሠርቷል፤ ጣት ስታስገቡ ይቆጠራል። የውጪው ጎን ተጠፍጥፏል። በካሊፐር (በሚሊ መለኪያ) ከውጭ ስንለካው 38 ሚሊ መሆን የነበረበት በአንድ በኩል ወደ 31 ወርዷል። ቱቦ ሲታጠፍ የውጪው ጎን ይለጠጥና ይሳሳል፣ የውስጠኛው ይጨመቃል። ስስ ቱቦ ከሆነና ውስጡ መደገፊያ ዘንግ ሳይገባ ጠበብ ተደርጎ ከታጠፈ ይኸው ነው ውጤቱ። የብየዳው መስመርም ከጎን መዋል ሲገባው የእኛ ውጪው ላይ ውሏል፤ በጣም የሚለጠጠው ቦታ ላይ ማለት ነው። እጥፋቱ ውስጥ የቀረ ማር ደግሞ በብሩሽ አይደረስበትም። ታጥቦ ውሃ ሲነካው ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያበላሻል።

አቆራረጡ ላይ ብዙ አልልም። የግራይንደር ዲስክ በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ገደማ ይበላል፤ ከ6 ሜትር ዘንግ ልክ 30 ሳንቲም የሆኑ 20 ቁራጮች አይወጡም፣ 19 ነው የሚወጣው። «20 አወጣልዎታለሁ» የሚል አንዱን ሊያሳጥር ነው። ተራ ብረት የቆረጠ ዲስክም ለስቴንለስ አይሆንም፤ የብረት ብናኝ ይጣበቅበትና ዝገት ያወጣል። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ምክንያት ዝገት ስላያችሁ ብቻ 201 ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። አቤት ስትሉ ግን መጀመሪያ የሚታየው ወረቀታችሁ ነው። የውጭ ዲያሜትር፣ ውፍረት በሚሊ፣ ዓይነቱ በቁጥር፣ የመታጠፊያው ራዲየስ፣ ሁሉም ደረሰኙ ላይ ይስፈር። ቀብድም ከሰጣችሁ መጀመሪያ አንድ ክርን ብቻ አሠርታችሁ እዩ።

የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ብሩንም አልመለሰ፣ ሌላም አልሠራ። ቀጥ ያለውን ለመደርደሪያ እግር አደረግነው፤ ክርኖቹ ጓሮ ተቀምጠዋል። መስመሩ ገና አልተዘረጋም። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ አካባቢ ውስጡን ደግፎ የሚያጥፍ፣ ደረሰኝ ላይ ሚሊ ለመጻፍ የማያቅማማ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።