ኮምቦልቻ ዳር ካለ ዶሮ እርባታ የገዛሁት የዶሮ ኩስ

ማዳበሪያነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ቆስጣውም ሰላጣውም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነው የወጣው፣ ዋጋውም ከዩሪያ ጋር አይገናኝም። ግን ጆንያው ውስጥ ያለው ገና እርጥብ ነው፣ አልተብላላም፣ ሻጩን ለዶሮዎቹ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ትሰጣላችሁ ወይ ስለው "ሲታመሙ ነዋ" ብሎ አለፈኝ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም ወገን! ዶሮዋ ከምትወስደው አንቲባዮቲክ ብዙው ሳይፈርስ በኩሷ ይወጣል፣ መድሃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችም አብረው አፈር ይገባሉ፣ የተላመዱበትን ጂን ደሞ ለአፈሩ ባክቴሪያ ያቀብላሉ፣ መኖ ላይ የሚጨመረው ዚንክና መዳብም አፈር ውስጥ ሲጠራቀም መድሃኒቱ ባይኖር እንኳን እነዚሁኑ የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ነው የሚጠቅመው። ሰላጣ ደሞ ጥሬውን ነው የምንበላው።

እርባታው ከምሮ እያገላበጠ ቢያብላላው እኮ የክምሩ መሃል ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቀናት ሲቆይ አንቲባዮቲኩም ባክቴሪያውም በጣም ይቀንሳል (ጨርሶ ግን አይጠፋም)፣ ለዛ ደሞ ጨመር አድርጌ ብከፍል ደስ ይለኛል። አሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ህግ ላይ አፈር ለሚነካ ምግብ ጥሬ ፍግ ከተበተነ እስከ ለቀማ 120 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። እንዳለ ከገዛችሁት ለማሽላና ለበቆሎ አድርጉት፣ ጓሮ አትክልት ላይ እንዳትበትኑት። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፣ አብላልተው ከሸጡ 5 ነው።